ሲቆይ ይወደዳል

ፍቅረኞችን የሚለያይ ነገር ሞልቷል። ሀብት አለ፣ ዘመድ አለ፣ ርቀት አለ። የእነዚህን የሁለቱን ፍቅር ግን ለዓመታት አላላውስ ብሎ ያቆየው ካርቶን ነው። የሚስቅ ይሳቅ። እሷም በፊት በፊት ስቃበታለች፤ በዚያ ማለዳ ግን ሳቁ ከየት ይምጣ?

የጨረታ ቤቱ ዕቃ ተረካቢ ጋሪውን እየገፋ ወደ ግምት ክፍሉ ሲገባ፣ እሷ የጥጥ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው። መሀሉ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አንገቱ የሚታጠፍ መብራትና አጉሊ መነጽር፣ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ የሟች ቤት ዕቃ፣ የከሰረ ነጋዴ ዕቃ፣ ባልና ሚስት ተጣልተው መካፈል ያቃታቸው ዕቃ። ከዚህ ሁሉ መሀል ቆማ የእያንዳንዱን ዋጋ የምትናገረው እሷ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል፤ ወደ ማንም አታዘነብልም ለማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ለሙገሳ ነበር። ሰው በሙገሳም እንደሚታሰር ግን ያኔ ማንም አልነገራትም።

«ሚዛን፣ ዛሬ የደረሰሽ የልጅ መጫወቻ ነው፤» አለ ዕቃ ተረካቢው፣ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ። ጥርሱን አሞታል። «ሁሉም እንደታሸገ ነው። ባለቤቱን ታውቂው የለ? ያ ካርቶን የሚሉት፣ ባለ ጌም ቤቱ።»

«አውቀዋለሁ፤» አለች።

ማወቅማ! ከሰው ሁሉ አስበልጣ የምታውቀው እሱን ነው። ጌም ቤቱ ከጨረታ ቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ፊት ለፊት ልጆች እየተጋፉ የሚጫወቱባቸው ስክሪኖች፣ ከኋላ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ፣ ፕላስቲካቸው ያልተቀደደ የሚያብረቀርቁ ሳጥኖች። በእያንዳንዱ ላይ በወርቅማ ቀለም «የሰብሳቢዎች ልዩ እትም» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ጌሙ አለ፣ ትንሽ ሐውልት አለ፣ በጨርቅ የታተመ ካርታ አለ፣ ወፍራም የሥዕል መጽሐፍ አለ። እሱ ግን አንዱንም አይከፍትም። እጁ ላይ ጥቂት ነገር በተረፈ ቁጥር አንድ ሳጥን ይገዛና መደርደሪያው ላይ ይሰቅላል። የሰፈሩ ሰው «ካርቶን» ብሎ ስም ሲያወጣለት አልከፋውም። «ግድ የለም፣ ዛሬ ካርቶን በሉኝ፤ ነገ ቪላ ትሉኛላችሁ፤» ብሎ ስቋል።

ሰርጋችን መቼ ነው ስትለው መልሱ ያው አንድ ነው፦ «ሲቆይ ይወደዳል። ትንሽ እንታገሥ።»

ይወደዳል ሲል ዋጋው ይጨምራል ማለቱ ነው። ቃሉ ግን ሁለት ፊት አለው፤ የሴት ልጅ ጆሮ ደግሞ የሚሰማው ልቧ የሚፈልገውን ነው። እሷ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ስለ ሳጥኑ ሳይሆን ስለ ራሷ የተነገረ እየመሰላት፣ ትንሽ ትንሽ እያለች ብዙ ቆየች።

እናቷ በሕይወት ሳሉ ካርቶንን እንደ ልጃቸው ነበር የሚወዱት። አልጋ ከያዙ በኋላ እንኳ እጁን ይዘው፣ «ልጄ፣ ና እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ? ዓይኔ እያየ ይሁን፤» ይሉት ነበር። እሱም ጉልበታቸውን ስሞ፣ «እማማ፣ ባዶ እጄን አልመጣም። ትንሽ ይቆይ፤» ይላቸዋል። እሱ ይቆይ ሲል እናትየው አልቆዩም።

የጨረታ ቤቱ ባለቤት የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቷ ነገ ነገ ሲል ኖሮ ነገን ሳያያት የሞተ ሰው ነበር፤ እናቷ እሷን አዝለው ወደ ወንድማቸው ቤት ተመለሱ፤ ጋሼ እንደ አባት ሆነው አሳደጓት። በዚህ ምክንያት ባለ ተስፋ ሰው ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። ካርቶን በቅርቡ እንደምንም ደፍሮ፣ የጓደኛውን ኮት ለብሶ ፊታቸው ቀርቦ ነበር። «ሀብት አለኝ» አላቸው። «ካለህ ያለህን ሁሉ ወደ ጨረታ ቤቴ አምጣው፤ ይገመታል፤» አሉት። እሱም ደስ ብሎት ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጋሼ እሷን አስቀመጧት።

«የዚህን ሰው ዕቃ የምትገምቺው አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ ገማች የሚያውቀውን ሰው ዕቃ አይነካም። ደንባችን ነው።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሚኝ። ብርቅ ነው ካልሽ አፌን ዘግቼ እድርሻለሁ። ተራ ነው ካልሽ ግን የዚህ ሰው ጉዳይ በዚህ ቤት ዳግመኛ አይነሳም። ግምቱ እስኪያልቅ አታገኚውም፣ አትነግሪውም።»

«ምነው እኔን?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹት። «ከአንቺ ሌላ የማምነው ሰው ስለሌለኝ ነዋ።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ተስፋ የሚሉት ነገር ክፉ ነው። ምናልባትስ? ከዚያ ሁሉ ሳጥን አንዱ እንኳ ብርቅ ቢሆንስ? ይህን እያሰበች ቃሏን ሰጠች።

አሁን ሳጥኖቹ ጋሪው ላይ ተቆልለው ፊቷ ናቸው። የቤቱ ቃል ሦስት ነው። «ብርቅ» የተባለ ዕቃ ለትልቁ ጨረታ ይቀርባል። «ተራ» የተባለ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ገበያ ወስዶ ይሽጠው። ሦስተኛው ቃል አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚነገረው፤ «አይገመትም» ይባላል።

አንድ በአንድ አነሳቻቸው። ጠርዛቸውን አየች፣ ፕላስቲኩን በመብራት ፈተሸች፣ ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር አነበበች። እንከን የላቸውም። መከራዋም ይኸው ነበር፤ የሌላውም ሁሉ እንከን የለውም። ገበያውን ስታጣራ ከርማለች። የእሱን የመሰለ ሳጥን፣ የእሱን በመሰለ መደርደሪያ፣ እሱን የመሰለ ሰው በየአገሩ አስቀምጦታል። ሁሉም ሲቆይ ይወደዳል ብሎ ገዛ፣ ሁሉም ሳይከፍት አስቀመጠ፣ ስለዚህ አንድም አልጠፋም። «የተወሰነ ቁጥር ብቻ የታተመ» ይላል ሳጥኑ። የተወሰነውማ በገዢው ልክ ነው፤ ፋብሪካው ፈላጊ ባለበት ሁሉ ሲያትም ነው የኖረው። የጥንቶቹ ጌሞች ብርቅ የሆኑት እኮ ማንም ብርቅ ይሆናሉ ብሎ ስላላሰበ ነው። ልጆች ካርቶናቸውን ቀደዱት፣ እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሏቸው፣ ከብዙ ጥቂት ተረፈ። ብርቅ ልሁን ብሎ በማሽን የተወለደ ነገር ግን ብርቅነቱ ሳጥኑ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው።

«ብርቅ» ብትልስ? አንዲት ቃል ናት። ጋሼ አይጠይቁም፤ እሷን አምነው እድሜያቸውን ኖረዋል። ነገ ሰርግ ይደገሳል። ከሦስት ፊደል በላይ የማትሆን ነገር ከንፈሯ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«ተራ፤» አለች ለዕቃ ተረካቢው። ቀጥላ ያነሳችውንም፣ «ተራ።» እንዲህ እያለች የጋሪው ሥር ደረሰች።

ከሥር የነበረው ሳጥን ፕላስቲክ አልነበረውም። ክዳኑ ጠርዙ ላይ ተልጧል። ስትከፍተው እጇ ቆመ። የጨርቁ ካርታ አራት ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ በድልድዩ ሥዕል አጠገብ በእርሳስ፣ በራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ «እዚህ ሁሌ እሞታለሁ» ይላል።

እናቷ የተቀበሩ ሰሞን ነበር። ቤት መቀመጥ አቅቷት፣ ጌም ቤቱ ሳይከፈት በጠዋት ትሄድና ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እሱ ተነሳ፤ ከሳጥኖቹ ሁሉ የሚሳሳለትን፣ «ይሄ ቤት ይገዛልናል» የሚለውን አወረደና ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው። ጆይስቲኩን እጇ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አብረው ተጫወቱ። ድልድዩ ላይ በወደቀች ቁጥር «ነፍስሽን ይማር» ይላታል። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው።

ይህንንም ለጨረታ አምጥቶታል። ሊሸጠው! ካርታውን በእጥፉ መልሳ አስቀመጠችው፤ አላለቀሰችም። ሥራ ላይ ናት።

«ይኸኛው አይገመትም፤» አለች። «አደራህን፣ ለባለቤቱ በደንብ አስረዳው። ምን ማለት እንደሆነ ንገረው።»

ዕቃ ተረካቢው ጉንጩን እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ጓንቷን አውልቃ መስኮቱ ጋ ሄደች። ሰርጓን በገዛ አፏ ስትቀብረው ደረቷ ውስጥ የተሰማት ሕመም ሳይሆን ባዶነት ነበር፤ ይህም ይበልጥ አስፈራት።

*

ከቀናት በኋላ አንድ ቁራጭ ካርቶን ደረሳት። ጌም ቤት የሚውሉ ልጆች ናቸው ለዘበኛው ሰጥተው የሄዱት። የእሱን ጽሕፈት ታውቀዋለች፤ ወደ ግራ ይጋደላል።

«አይገመትም ያልሽውን ሰማሁ። ልክ ነሽ። እኔም አሁን ገባኝ።»

ሌላ ምንም የለውም። እሷ ግን ስታነበው ፊቷ ፈካ። ገባው! ሌላው ሁሉ ተራ፣ ያቺ ብቻ የማትሸጥ መሆኗ ገባው። ለጨረታ በማምጣቱ የያዘችበት ቂም እንደ በረዶ ቀለጠ። እንግዲህ ዛሬ ይመጣል፣ ካልሆነ ነገ ይመጣል አለች። ፀጉሯን ተሠራች። የጨረታ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ስልክ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ባትሪ አልቆበት ይሆናል ትላለች። ሰው ደስ ሲለው ሞኝ ነው።

እሱ ግን አልመጣም።

ዕቃ ተረካቢው ጥርሱን ተነቅሎ፣ እብጠቱ ጎድሎለት፣ እንደ ልቡ ማውራት የጀመረ ለት ወደ ክፍሏ ብቅ አለ።

«ያ ልጅ ግን አሳዘነኝ፤» አላት። «ካርቶኑ። ጌም ቤቱን እየዘጋ ነው አሉ። ከአገር ሊሄድ ነው፣ የአክስቱ ልጅ ጋ።»

ብዕሯ ከእጇ ወደቀ። «ምን አልከው ያን ቀን?»

«ምን እላለሁ፣ አፌ መቼ ይከፈት ነበር! 'ሚዛን ናት የገመተችው፤ ሁሉም ተራ' አልኩት። ከዚያ ያንን የተላጠውን አንስቼ 'ይሄ ደግሞ አይገመትም' አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። እቅፍ አድርጎት ወጣ።»

«ምን ማለት እንደሆነ አልነገርከውም?»

«እመቤቴ፣ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር እኮ!»

ቁራጯን ካርቶን ከመሳቢያዋ አውጥታ እንደገና አነበበች። ያው ቃል ነው። በእሷ ዓይን የፍቅር ቃል የነበረው፣ አሁን በእሱ ዓይን ስታነበው ስንብት ሆነ። ደስ ብሏት ፀጉሯን የተሠራችባቸው ቀናት እሱ ዕቃውን የሸከፈባቸው ቀናት ነበሩ። ማንም ሳያያት በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች።

*

የጌም ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ስክሪኖቹ አንሶላ ለብሰዋል። የኋላው ግድግዳ ባዶውን ቀርቶ ሳጥኖቹ በሩ አጠገብ ተቆልለዋል። እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ የኤሌክትሪክ ገመድ ይጠቀልላል። ቀና ብሎ አያትና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

«እንዴት ገባሽ?»

«በሩ ክፍት ነው።»

«ምን ይሰረቃል ብዬ ልዝጋው? ሁሉም ተራ ነው ብለሻል።»

«ብያለሁ። ተራ ናቸው።»

«ይሁን፤ ሥራሽ ነው፣ አልቀየምሽም።» ገመዱን ወረወረው። «ግን ያቺን... ያቺን እንኳ ተራ ብትያት ምን ነበር? ከተራም በታች አደረግሻት። አይገመትም! ለግምት እንኳ አትበቃም! በጥርሴ ቀድጄ የከፈትኳት እኮ ናት። አንቺ የሳቅሽባት ናት።»

«አንተ ሰው፣ ቀና ብለህ እየኝ።»

«አላይሽም።»

«እየኝ እልሃለሁ!» ድምጿ ባዶው ግድግዳ ላይ ጮኸ። «እኛ ቤት የሞተ ልጅ ጫማ ይዛ የመጣች እናት ነበረች። ችግር ብሷባት ነው። እኔ ነኝ የተቀበልኳት። ምን ብዬ ልገምተው? ብርቅ አልለው፣ ተራ አልለው። በሁለት እጄ መለስኩላትና 'እናቴ፣ ይህ አይገመትም' አልኳት። በእኛ ቤት ቃሉ ይህ ነው። ዋጋ ሊያወጣለት የሚችል ሰው የለም፣ ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም ማለት ነው። ዕቃ ተረካቢውን እንዲነግርህ አደራ ብዬው ነበር፤ ጥርሱን አሞት አፉ አልከፈት አለው።»

ካርቶን በተንበረከከበት ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ጥርሱን?» አለ።

«ጥርሱን።»

ሳቅ መጥቶ ከሁለቱም ደጃፍ ተመለሰ። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ግን ሁለቱም ለመሳቅ አቅም አጡ።

«እኔንም ያቃጠለኝ አለ፤» አለች። «እሷን ለጨረታ ለማምጣት ምን አስጨከነህ?»

«ያለህን ሁሉ አምጣ አሉኝ። ካለኝ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። እሷን ደብቄ ሌላውን ባመጣ የዋሸኋቸው መሰለኝ።»

አጠገቡ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ከዚያም የጋሼን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ ግምቱ አልቋል፣ ቃሏም አብሮ አልቋል። ብርቅ ብትል ይህን ጊዜ ሙሽራ እንደነበረች ነገረችው። እሱ እየሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ታዲያ... ምነው አላልሽም?» አለ በሹክሹክታ። «አንዲት ቃል!»

«ካልኩ በኋላስ? ጨረታው ላይ የሚገዛ ሲጠፋ? ጋሼን ዋሽቼ፣ አንተን ዋሽቼ፣ ማታ ማታ አጠገብህ ተኝቼ ምን ልልህ ነበር? ሲቆይ ይወደዳል?»

«እኔ ለአንቺ ብዬ ነው የቆየሁት! ባዶ እጄን እንዳልመጣ...»

«እናቴ የምትፈልገው ባዶ እጅህን ነበር!»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች። ግን አንዴ ወጥቷል።

«ባዶ እጅህን ነበር የምትፈልገው። የእኔን እጅ ልታስቀምጥበት። የያዝከው ነገር ካለማ የእኔ እጅ የት ይገባል? ና ስትልህ ይቆይ አልካት። እኔንም ይቆይ አልከኝ። እንደነዚህ ሳጥኖች ጠቅልለህ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥከኝ፤ አቧራ እንዳይነካኝ። አልነካኝም። ምንም አልነካኝም! አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከሥራዬ የተማርኩት ነው። የሚወደደው የተወደደ ነው። ልጅ የተጫወተበት፣ የቀደደው፣ ትራሱ ሥር ይዞት የተኛው፤ በኋላ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። ማንም ያልወደደው ነገር ቢቆይ ያረጃል እንጂ አይወደድም።»

እሱ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ልትነካው ፈልጋ እጇን መለሰች።

«እናትሽ ሲሞቱ ገብቶኝ ነበር፤» አለ ክንዱ ውስጥ ሆኖ። «የዚያኑ ቀን ገብቶኛል። መቃብራቸው ላይ ቆሜ፣ ምን አደረግሁ አልኩ። ግን ከዚያ በኋላ መምጣት አፈርኩ። ያጠፋሁትን የሚያክል ትልቅ ነገር ይዤ ካልመጣሁ በምን ፊቴ? ሳጥኖቹ እንደሚወደዱ ማመን ነበረብኝ። ካልተወደዱማ እሳቸውን ያስጠበቅኋቸው በከንቱ ነው።»

ይህን አልጠበቀችም። ሞኝነት ነው ብላ ስትናደድበት የኖረችው ነገር ከሥሩ ሐዘን ነበር፤ የእሷው ሐዘን፣ በሌላ ቤት ያደረ። ሁለቱ ለአንዲት ሴት ለየብቻ ሲያለቅሱ እንደኖሩ ሲገባት፣ ንዴቷ አልጠፋም፤ ግን ብቻውን መሆኑ ቀረ።

ካርቶን ተነሳ። ጓሮ ገብቶ ፊቱን ታጠበና ውሃው እየተንጠባጠበ ተመለሰ። የሳጥኖቹን ቁልል አልፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ ቤት አሉ?»

«አሉ።»

«እንሂድ።»

«እንዲህ ሆነህ? ሸሚዝህ ረጥቧል።»

«ይድረቅልኝ ብዬ ከቆየሁ ደግሞ ሌላ ዓመት ነው፤» አለና እንባ ባልደረቀ ዓይኑ ፈገግ አለ።

*

በሩን የከፈቱት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«የዚህ ሰው ጉዳይ በዚህ ቤት አይነሳም ብዬ ነበር።»

«ብለዋል፣ ጋሼ። ሳጥኑን ገምቺ አሉኝ፣ ገመትኩ። ሰውየውን ግን ማንም አላስገመተኝም።»

ጋሼ ወደ ካርቶን ዞሩ። «ምን ይዘህ መጣህ?»

እሱ እጆቹን አየ። ከጎኑ የቆመችው እሷ አሁን ነው ብላ ፈራች፤ አሁን ደግሞ ሌላ ተስፋ ይጀምራል፣ እሠራለሁ፣ እገዛለሁ፣ ይደርሳል ይላል። እንዲያ ካለ ለብቻዋ ወደ ቤት ትገባለች፤ ይህን በልቧ ቆርጣለች።

«ምንም አልያዝኩም፣ ጋሼ፤» አለ። «አለኝ ያልኩት ሁሉ ተራ ነው። እውነቷን ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት መጀመሪያ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። እህትዎ እጄን ይዘው ለምነውኝ ነበር፤ ዓይኔ እያየ ይሁን ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልችልም፤ ከሳቸው የቀሩት እርስዎና እሷ ናችሁ።»

የእህታቸው ነገር ሲነሳ ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ በሩም ተዘጋ።

ሁለቱ ደጃፉ ላይ ቀሩ። እሱ መሬቱን፣ እሷ የተዘጋውን በር እያየች። አለቀ ብላ ነበር። ልትዞር ስትል በሩ ተከፈተ። ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ከኋላቸው በሩን ሳብ አድርገው ቆለፉት፤ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱት። እያነከሱ ደረጃውን ወርደው፣ የአጥሩን በር አልፈው፣ አስፋልቱ ዳር ቆሙ።

«ምን ትገተራላችሁ? ኑ ወዲህ፤» አሉ። «ቃሌን አልበላም። በዚህ ቤት አይነሳም ብያለሁ፤ አይነሳም። መንገዱ ግን የመንግሥት ነው። በል፣ የምትለውን በል።»

መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ምን ተፈጠረ ብላ ቆም አለች። በዚህ መሀል ካርቶን፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጣብቆ፣ ልጅቷን እንዲሰጡት ጠየቀ። ንግግሩ አልተሳካለትም፤ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ፣ አንዴም ጨርሶ ጠፋበት። ጋሼ አላቋረጡትም።

ሲጨርስ ወደ እሷ ዞሩ። ዓይናቸው የእናቷን ዓይን ነው የሚመስለው፤ ዛሬ ደግሞ ከሌላው ቀን ይብስ ነበር።

«አንቺስ፣ ልጄ? ስለ ሰውየው ልጠይቅሽ። ምን ትያለሽ?»

አፏን ከፈተች። ለዓመታት የተዘጋጀችበት መልስ ነበር፤ ግን ቃሉ ሊወጣ ሲል ሌላ ነገር ቀደመው። እናቷ እዚህ አልነበሩም። ጎናቸውን ደግፋ ከአልጋ ልታነሳቸው፣ ነጠላቸውን ልታለብሳቸው፣ ጆሯቸው ላይ «እማዬ፣ መጣልሽ» ልትላቸው የሚገባት ቀን ይህ ነበር፤ እሳቸው ግን የሉም፣ ቀኑን ሳያዩ የሄዱትም ይህ የምትወደው ሰው ስለቆየ ነው። ወደደችውም፣ አልማረችውም። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላሸነፈውም። ይቅር የምትለው አብራው እየኖረች፣ እየተጣላችው፣ እየታረቀችው፣ ቀስ እያለች እንደሚሆን ያን ጊዜ አወቀች። ይህን እንኳ ሳትደብቀው ልትነግረው እንደምትችል ሲሰማት ከብዙ ዘመን በኋላ ደረቷ ሰፋ።

«እሺ፤» አለች።

ከዚያም ለእናቷ ሐዘን ሰው ፊት አልቅሳ የማታውቀው ሴት፣ አላፊ አግዳሚው እያያት፣ አንድ እጇን ለአጎቷ አንዷን ለእሱ ሰጥታ፣ መንገድ ላይ ቆማ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። ሁለቱም ዝም በይ አላሏትም።